ሁለቱ አያቶች በአንድ ስም ተጣሉ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፤

የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። ይሄ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ሁለቱም ቤተሰብ መርቆን ነው የተጋባነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ጥር 21 ቀን ወለድኩ፤ ሴት ናት። ምጡ ጠንቶብኝ ስለነበር የባሌ እናት «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ፣ እናቴ ደግሞ ዱዓ ስታደርግ አደሩ። ልጅቷ እንደተወለደች እማማ (የባሌን እናት እንዲህ ነው የምላቸው) «በቀኗ የመጣች ናት፤ ስሟ ከማርያም አይወጣም፤ ለግሸንም ተስያለሁ» አሉ። እናቴ ሳቀችና «እኔስ ያሰብኩት ሌላ መሰለዎት? የሟች እናቴ ስም መርየም አይደል?» አለቻቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ተገላገልን ብዬ ተኛሁ።

ጠቡ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። እናቴ ልጅቷን «መርየም» ብላ ስትጠራት እማማ ሰሙና ደነገጡ። «እንዲሁ ደረቁን? ነገ ስትቆጫት፣ ውኃ ቅጂ ብለሽ ስትልኪያት የእመቤታችንን ስም ልታነሺ? ወለተ ማርያም ትባል፤ ረዘመ ካላችሁም ማርያማዊት» አሉ። እናቴ ደግሞ «እናቴ መርየም እንጂ ማርያማዊት አልነበረችም። ማርያማዊት የተባለች ዕለት ልጅቷ የነሱ ሆነች» ብላ ተነስታ ሄደች። በሰባተኛው ቀን ሊወጣላት የነበረው አቂቃም (በእኛ ለሕፃን የሚታረደው በግ) ቀረ። ባለቤቴ «ሁለቱንም ተይና ሰላም እንበላት፤ ሰላም እናግኝ» ይላል።

አሁን ወር ሞላት፤ «ሚጡ» ነው የምንላት። ሁለቱም እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ይጠሯታል፤ እኔ ዝም እላለሁ። ቀበሌም መመዝገብ አለባት። የሚገርመኝ ደግሞ የባሌ አባት ስም ራሱ በ«ገብረ» ተጀምሮ በ«ማርያም» የሚያልቅ መሆኑ ነው። በማን በኩል ልቁም?

ስም ያጣሁ እናት

* * *

እህቴ፤ በእናትሽ ቤት እንደሚባለው አላህ ያሳድጋት፤ በእማማ ቤት እንደሚባለው እንኳን ማርያም ማረችሽ። አራስ ሆነሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ በሁለት የምትወጃቸው እናቶች መሐል ዝም ብለሽ መቀመጥሽን እንደ ድክመት አትቁጠሪው። ሁለቱንም ላለማስቀየም ነው ዝም ያልሽው። ግን አንድ ወር ዝምታ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ሌሎች ይሞሉታል።

አንድ ነገር ልብ ብለሻል? እናትሽና እማማ የተጣሉት ስሙን ስለናቁት አይደለም። ሁለቱም ከልክ በላይ ስላከበሩት ነው። ልዩነቱ ይህ ስም የት ይነሳል፣ የት አይነሳም የሚለው የየቤቱ ደንብ ነው፤ ደንቡ ደግሞ በሁለቱ ቤት ተቃራኒ ነው።

እማማ ያደጉበትን ቤት እንይ። እዚያ «ማርያም» የሚለው ቃል ከአፍ አይለይም። ምጥ የያዛት ሴት «ማርያም ትማርሽ» ትባላለች። ቃሉን እውነቱን የሚያስረግጥ «ማርያምን!» ይላል፤ የሚለምን «በማርያም» ይላል። ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው ቀስተ ደመና የማርያም መቀነት ነው። ሕፃን ገላው ላይ ምልክት ይዞ ቢወለድ «ማርያም ስማው ነው» ይባላል። ተጣልተው ጥግ ያስያዙትን ሰው ማምለጫ ሲተዉለት የማርያም መንገድ ሰጡት ይባላል። በየወሩ 21 ቀኗ ነው፤ የጥር 21 ደግሞ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ልጅሽ የመጣችው በዚያ ቀን ነው። ይህን ያህል የሚነሳ ስም ለሰው ሲሰጥ ግን ብቻውን እምብዛም አይሰጥም። ከፊቱ አንድ የግዕዝ ቃል ይቆምለታል፤ ወንዱ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ኪዳነ ማርያም፤ ሴቷ ወለተ ማርያም፣ አመተ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም። ሰውየው ማርያም አይደለም፤ የማርያም አገልጋይ፣ ልጅ፣ አበባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስም የክርስትና ስም ሆኖ ይቀመጥና ሰው በሌላ ስም ይጠራል። ምኒልክ ሣህለ ማርያም ነበሩ። ዘውዲቱ፣ እናታቸው የወሎ ወይዘሮ የነበሩት ንግሥት፣ አስካለ ማርያም ነበሩ። ስለዚህ እማማ «ደረቁን?» ብለው ሲደነግጡ ትዕቢት አይደለም፤ ልጅቷን ስትቆጪ እመቤታቸውን የቆጣሽ ይመስላቸዋል። ድንጋጤያቸው እውነተኛ ነው።

አሁን እናትሽ ያደጉበትን ቤት እንይ። እዚያ ስሙ ብቻውን፣ ምንም ሳይታከልበት ነው የሚሰጠው። በቁርዓን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት፤ 19ኛው ሱራ በስሟ ይጠራል፤ 98 አንቀጽ ነው። በ3ኛው ሱራ ደግሞ እናቷ ልጅቷን ወልዳ «መርየም ብዬ ሰይሜያታለሁ» ስትል ይገኛል። እንግዲህ አንዲት እናት ሴት ልጇን መርየም ብላ መሰየሟ በዚያ ቤት ድፍረት አይደለም፤ ከመጽሐፉ የተገኘ ነው። ስሙን ማክበር ማለት መሸከም ነው። በዚያ ላይ ለእናትሽ ስሙ የራሳቸው እናት ናት፤ ሞተው የተለዩዋቸው ሴት። «መርየም» ብለው ልጅሽን ሲጠሩ እናታቸውን ነው የሚጠሩት። «ማርያማዊት» ሲባል ያ ድምፅ ይጠፋባቸዋል።

ስለዚህ ማናቸው ትክክል ናቸው የሚለውን ጥያቄ ተይው፤ መልስ የለውም። በማን በኩል ልቁም የሚለውንም ተይው። ጥያቄሽ የትኛው ስም የት ቦታ ይውላል የሚል ይሁን። መፍትሔ ያለው እሱ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ቃል «የነሱ ሆነች» የሚለው ነው። ይህ የስም ነገር አይደለም። እናትሽ የፈሩት የልጅ ልጃቸው ከእጃቸው እንዳትወጣ ነው። በወሎ ይህ ፍርሃት ከአየር የመጣ አይደለም፤ ስም ሲለወጥ እምነትም አብሮ የተለወጠበት ዘመን ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በዚያ ዘመን ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተገደደው ሕዝብም ብዙ ነው። አሮጊቶቻችን ታሪኩን በዓመተ ምሕረት ባይቆጥሩትም ስም በር እንደሆነ ያውቃሉ። እማማም በበኩላቸው ያንኑ ይፈራሉ፤ መርየም ከተባለች ቤተ ክርስቲያን አትመጣም ብለው።

ልጠይቅሽ፤ አንቺና ባለቤትሽ ልጃችሁ በየትኛው ሃይማኖት እንደምታድግ ተነጋግራችኋል? ከጋብቻ በፊት ተነጋግራችሁ ከሆነ ያኔ ያላችሁት ዛሬም የጸና ነው? ወይስ «ሲደርስ እናያለን» ብላችሁ አለፋችሁት? አንዳንድ ባልና ሚስት ይህን ይፈሩታል፤ ከዚያ ያልተነጋገሩበት ነገር በስም ሰበብ ይወጣል። አንድ ማታ አያቶቹ በሌሉበት፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡና ሦስት ነገር ተጠያየቁ፤ ክርስትና ትነሳለች ወይ? አቂቃ ይወጣላታል ወይ? ወይስ ሁለቱንም አቆይተን ራሷ እስክትረዳ እንጠብቃለን? በአንድ ማታ ካልተስማማችሁ አትጨነቂ። ያኔ ቢያንስ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይደለም። ይህን ቃል በቃል ለሁለቱም አያቶች ትነግሯቸዋላችሁ። ማናቸውም በድብቅ እንዳያደርጉትም አብራችሁ ንገሯቸው፤ ሳታውቂ ክርስትና ተነስታ ብታገኚያት ወይም እሱ ሳያውቅ በጉ ታርዶ ቢሰማ፣ የሚሰበረው በናንተ መካከል ያለው እምነት ነው፤ እሱን መጠገን ስም ከማውጣት ይልቅ ይከብዳል።

ባለቤትሽ «ሰላም እንበላት» ያለው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ደክሞት ነው። ሰላም መልካም ስም ነው፤ በሁለቱም ቤት ይጠራል። ችግሩ ስሙን የሚያወጣበት ምክንያት ነው። ጠብ ለመሸሽ የወጣ ስም ሲጠራ ሁልጊዜ ጠቡን ያስታውሳል፤ ሁለቱም አያቶች ደግሞ ያጡትን እንጂ ያገኙትን አያዩበትም። «አንተ ራስህ፣ ማንም ባይኖር፣ ምን ብለህ ልትጠራት ትፈልግ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። እስካሁን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺንስ የጠየቀሽ አለ?

ወደ ስሙ እንምጣ። እኔ ብሆን መዝገብ ላይ «መርየም» እንዲሰፍር ነበር የምመክርሽ። ለአንቺ ወገን ለማድላት ብዬ አይደለም፤ ምክንያቴን ላስረዳሽ። የእማማ ጭንቀት «ማርያም» የሚለው ድምፅ ብቻውን ለቁጣና ለመላላክ መዋሉ ነው። «መርየም» የሚለው ድምፅ ግን በእሳቸው ጆሮ የሰው ስም ነው። ወሎ ውስጥ ኖረው መርየም የምትባል ጎረቤት፣ የእድር ጓደኛ፣ የገበያ ደንበኛ ሳይኖራቸው አልቀረም፤ ቡና ጠጪ ብለው ሲጠሯት ኖረዋል፤ እመቤታችንን ደፈርኩ ብለው አያውቁም። ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፤ ጠይቂያቸው። «እማማ፣ መርየም የምትባል ሰው ያውቃሉ? እንዴት ያለች ሴት ናት?» በያቸው። ስለዚያች ሴት ሲያወሩ ስሙ ከራሳቸው አፍ ይወጣል። «ማርያማዊት» ግን ይህን ድልድይ አይሠራም፤ እናትሽ በሕይወታቸው ማርያማዊት የምትባል ዘመድ ያላቸው አይመስለኝም።

ሌላው ምክንያት አንቺው ራስሽ የጻፍሽው ነው። በእኛ አገር አንድ ልጅ የምትመዘገበው በስሟ፣ በአባቷና በአያቷ ስም ነው። የልጅሽ አያት ስም «ገብረማርያም» ከሆነ ልጅቷ ምንም ብትባል ማርያም ከስሟ አይጠፋም፤ በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ ላይ የእናትሽ መርየም፣ መጨረሻ ላይ የእማማ ማርያም፣ በመካከል ባለቤትሽ። ይህን በወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፈሽ ለሁለቱም አሳያቸው። ማንበብ የሚቸግራቸው ካለ ጣትሽን እያሳለፍሽ አንብቢላቸው። ንግግር ያልፈታውን አንዳንዴ ማየት ይፈታዋል።

ግን ስሙ ከአንቺ ወገን ከሆነ እማማ ባዶ እጃቸውን መቅረት የለባቸውም። ስለታቸውን ጠይቂያቸው። «ለግሸን የተሳሉት ምን ነበር? ስሟን ነው ወይስ ጧፍና ዕጣን፣ ጥላ?» አብዛኛው ስለት ለመዳኑ ምስጋና ነው፤ ስም ካልወጣ አይሞላም የሚባል አይደለም። መስከረም 21 ለግሸን ሲሄዱ የሚያስገቡትን ስለት አንቺ ብትገዢላቸው፣ ወይም ለመንገዱ የትራንስፖርቱን ብታግዢያቸው፣ የልጅሽን መወለድ ከእመቤታቸው ጋር ያገናኙበትን ክር እንዳልበጠስሽባቸው ያውቃሉ። ክርስትና ትነሳለች ብላችሁ ከተስማማችሁ ደግሞ ወለተ ማርያም የሚለው ስም ቦታው እዚያው ነው፤ ካህኑ ያወጡታል፣ በጸሎት ይነሳል፣ ቀበሌ መዝገብ ላይ አይገባም። ካልተስማማችሁም እማማ በቤታቸው በቁልምጫ «ማርያማዊቴ» ቢሏት ማንንም አይጎዳም። አንድ ደንብ ብቻ ይኑር፤ ልጅቷ በምትሰማበት ማናቸውም የሌላውን አጠራር አያርሙ። ልጅ ሁለት ስም መልመድ አያቅታትም፤ የሚከብዳት በስሟ ሲጣሉ መስማት ነው።

እማማ ከዚህ ሁሉ በኋላም መርየምን መቀበል ካልቻሉ ሌላ መንገድ አለ፤ ከስሙ ይልቅ ስሙ ያደረገላችሁን የሚናገር ስም ማውጣት። በምጥሽ ሌሊት ሁለቱም የለመኑት ምሕረት ነው፤ «ማረችሽ» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ምሕረት ብትሏት ከ«ሰላም» የሚለየው ከጠቡ ሳይሆን ከዚያ ሌሊት የተገኘ በመሆኑ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ አማራጭ ነው የማደርገው፤ እናትሽ እናታቸውን ያጡበታልና።

ስሙን ከቆረጣችሁ በኋላ ያለው ሥራ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ በዚህ ስም ላይ በተለይ። ስሙ በወረቀት ላይ ብዙ መልክ አለው፤ ማርያም፣ ማሪያም፣ መርየም፣ መሪየም፣ መርያም። መርየምና ማርያም የሚለዩት በሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ መ እና ማ፣ የ እና ያ። እጁ «ማርያም» መጻፍ የለመደ መዝጋቢ ሳያስበው «ያስተካክልልሻል»፤ አንቺም በችኮላ ትፈርሚያለሽ። ከዚያ የክትባት ካርዱ መርየም፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ማርያም ይሆናል። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጅቷ ለአገር አቀፍ ፈተና ስትመዘገብ ወይም ፓስፖርት ስታወጣ ነው፤ ያኔ ለማስተካከል ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ብዙ ጊዜም ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል። ስለዚህ ስሙን በጉልህ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤ በአፍ አትንገሪ። የተመዘገበውን ከመፈረምሽ በፊት ፊደል በፊደል አንብቢ።

«ወለተ ማርያም» ወይም ሌላ ድርብ ስም ብትመርጡ ችግሩ ይጨምራል። ቅጹ ሦስት ሣጥን አለው። ስሙ ለያይቶ ሁለት ቃል ሆኖ ከተጻፈ «ወለተ» ስሟ፣ «ማርያም» የአባቷ ስም ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ የባለቤትሽ ስም ደግሞ ወደ አያት ቦታ ይገፋል። ድርብ ስም ገጥሞ መጻፍ አለበት፤ ወለተማርያም። በዘንግ ማሳጠርንም አትፍቀጂ። «ወ/ማርያም» ወልደማርያምም ነው፣ ወለተማርያምም ነው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ የትኛው እንደነበር የሚናገር የለም። ይህ ለአያቷ ስምም ይሠራል። የባለቤትሽን መታወቂያ አውጥተሽ አባቱ እንዴት እንደተጻፉ እዪ፤ ገብረማርያም ነው፣ ገብረ ማርያም ነው፣ ገ/ማርያም ነው? የልጅቷ ከአባቷ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የአባትና ልጅነት ማስረጃ በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ጣጣ ነው። የባለቤትሽ ራሱ በአሕጽሮት የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ የሱን አስተካክሉ።

ምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ በላቲን ፊደልም ይጻፋል። እዚያ ደግሞ «ያ» ወይም «የ» በአይ፣ በዋይ ወይም በሁለቱም ሊጻፍ ይችላል፤ የመጀመሪያውም በኤ ወይም በኢ ይሆናል። አንዱን ምረጡና በዚያው ጽኑ። በኋላ ፋይዳም፣ የባንክ ደብተርም፣ ፓስፖርትም ከዚህ ወረቀት ነው የሚገለበጠው።

ጊዜውን ላስላልሽ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የተወለደችበትን ጥር 21ን አንድ ብለሽ ብትቆጥሪ 90ኛው ሚያዝያ 20 ነው። ከዚያ በኋላም ይመዘገባል፤ ግን የዘገየ ይባልና ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ከወለድሽበት ጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያውን ካልወሰድሽ አሁኑኑ ውሰጂ፤ የሁለታችሁን መታወቂያ ጨምሪ፤ ፎቶና ክፍያ በየቦታው ስለሚለያይ አስቀድመሽ ቀበሌ ጠይቂ። አንቺ አራስ ስለሆንሽ ባለቤትሽ ቢሄድ ይሻላል፤ የተጻፈውን ወረቀት ግን አስይዢው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳበት 80ኛ ቀን በዚሁ አቆጣጠር ሚያዝያ 10 ነው። ይህ ቀን ከምዝገባው ቀድሞ ስለሚመጣ ምንም ሳትነጋገሩ ቢደርስ ነገሩ ሁሉ ዳግም ይጦዛል። የሁለታችሁን ንግግር ከመጋቢት አታሳልፉት።

አቂቃው በሰባተኛው ቀን ስለቀረ እናትሽ ከልባቸው አዝነው ይሆናል። በ14ኛው ወይም በ21ኛው ቀን ማውጣት የታወቀ ነው፤ እሱም አልፏል፤ ከዚያም በኋላ ይቻላል የሚሉ ዑለማዎች አሉና የሰፈራችሁን ሼኽ ጠይቁ። ለሴት አንድ በግ ወይም ፍየል ነው። ከተስማማችሁና ካወጣችሁት ለእማማ ወገን ሌላ ማዕድ ለብቻው ይቅረብ። ሥጋችን እንደማይገናኝ ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ሽሮውና ምስሩ ቅቤ ሳይነካው፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ ይሠራ። ተጠርተው መጥተው የሚበሉት ያጡ እንግዳ ስሙን በጥሩ ልብ አይሰሙትም።

አሁን ሁለቱን አያቶች ወደምታስታርቂበት ማታ ልምጣ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል፤ ሁለቱም እየጾሙ ነው፤ ሁለቱም ልባቸው ለስላሳ የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ ተጠቀሚበት። ጠዋት ወይም ቀትር ላይ አትጥሪያቸው፤ የራበው ሰው ለክርክር ይቀርባል። ለኢፍጣር ጥሪያቸው። በቴምር ጀምሪ፤ ቴምር ለሁለቱም ጾም ይሆናል፤ በቁርዓኑ ደግሞ መርየም ምጥ ይዟት ከቴምር ዛፍ ሥር ስትጠጋ የተሰጣት ምግብ እሱ ነው። ይህን እናትሽ ቢተርኩት ደስ ይላል፤ እማማ በእርጋታ ይሰማሉ፤ እናንተም በምጥሽ ሌሊት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል። ከዚያ ቡና።

በአቦሉ ላይ ስለ ስም አታንሺ። ልጅቷን አንዴ ለእናትሽ፣ አንዴ ለእማማ አስታቅፊ። በቶናው ላይ የሟች አያትሽን ታሪክ እናትሽ እንዲያወሩ፣ እማማም ስለሚያውቋት መርየም እንዲያወሩ ጠይቂ። በበረካው ላይ ባለቤትሽ ይናገር። አንቺ አይደለሽም፤ እሱ። የእማማ ልጅ እሱ ስለሆነ ለእማማ የሚያስረዳውም እሱ ነው መሆን ያለበት፤ አንቺ ከተናገርሽ ምራት ስሙን ቀማችን ይሆናል። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ «ሁለታችሁም በአንድ ሌሊት ለምናችሁ ነው የመጣችው። መዝገቡ ላይ መርየም እንላታለን፤ ከኋላ የአባቴ ስም አለ፤ ማርያም አብራት ናት። ይህ የሃይማኖቷ ውሳኔ አይደለም፤ እሱን ሁለታችን እንነጋገራለን። አሁን መርቁልን።» ከዚያ ዝም ይበል። ምርቃቱን እማማ ይጀምሩ፤ ስሙ ከእናትሽ ወገን ስለመጣ መጀመሪያ መመረቅ የሳቸው ይሁን። ከዚያ እናትሽ ዱዓ ያድርጉ። «አሚን»ንም «አሜን»ንም ለሁለቱም በሉ።

በዚያ ማታ ባይሆንስ? እማማ ተቆጥተው ቢነሱ አትከተያቸው፤ ባለቤትሽ ይሸኛቸው። ሳምንት ጠብቂና ልጅቷን ታቅፈሽ ቤታቸው ሂጂ፤ ስለ ስም ሳይሆን እግራቸውን ለመሳም። ነገሩ ከጠነከረ ለሁለቱም ወገን የሚከበሩ አንድ ሼኽና አንድ ቄስ አብረው ይምጡላችሁ፤ በእናንተ አገር ይህ እንግዳ አይደለም። ከሁለቱም ግን የምትጠይቁት ውሳኔ አይሁን፤ ለሁለቱ አያቶች ማጽናኛ እንዲሰጡላችሁ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ከነገ ጀምሮ «ሚጡ» ማለቱን ተዪ። ገና ያልተመዘገበ ቢሆንም፣ ማታ ስታጠቢያት፣ ማንም በሌለበት፣ ያሰብሽውን ስም በጆሮዋ እየጠራሽ ከአፍሽ ጋር አላምጂው። ባለቤትሽም እንዲሁ ያድርግ። ለአንድ ሳምንት ከጠራችኋት በኋላ ስሙ ለእናንተ ከከበዳችሁ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት ታውቁታላችሁ፤ ካልከበዳችሁ ደግሞ እማማ ፊት ስትጠሪያት ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም። ሲመዘገብ እንዴት እንደተጻፈ ጻፊልኝ።